ሩጫው ይቅደም ወይስ ብረቱ

ሩጫው ይቅደም ወይስ ብረቱ በሚል ክርክር አንድ መምህር ከደብረ ታቦር ተዛውረዋል፤ የአንዲት ልጅ እግርም ተበላሽቷል። ልጅቷ እኔ ነኝ። ነገሩ ለሚሰማው ሰው ያስቃል። ለአንዳንዶች ነግሬያቸው ስቀዋል። አብሬያቸው የሳቅሁበት ጊዜም አለ፤ ሳቁ ግን ከጥርሴ አልፎ ወደ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

የተወለድኩት አንበሳሜ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ ደብረ ታቦር አክስቴ ዘንድ ተላክሁ። አክስቴ ባሏ የሞተባት፣ በገበያው ጥግ አንድ የስፌት መኪና ይዛ የሰው ልብስ የምትሰፋ ሴት ነበረች። አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። ደርግ በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ ልጁ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ጥያቄ ጠየቀ። በሳምንቱ ከቤት ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ምን ብሎ እንደጠየቀ አክስቴ ነግራኝ አታውቅም። ቤቷ የገባሁ ዕለት የሰጠችኝ ምክር አጭር ነበር።

"ትምህርትሽን ተማሪ። ሰው ሲያጨበጭብ አጨብጭቢ። ከዚያ ውጭ እጅሽን አታንሺ።"

ሩጫ የጀመርኩት በትምህርት ቤት ነው። የስፖርት መምህራችን ከአርሲ በኩል የመጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ከጉና የሚወርደው ብርድ ስለማይስማማቸው በብርዱ ወራት የሱፍ ኮፍያ ከራሳቸው አይወርድም። ተማሪው አነጋገራቸውን ከኋላቸው እያስመሰለ ይስቅባቸው ነበር፤ ይሰማሉ፣ ግን ዞር አይሉም። አንድ ቀን ሴቶቹን በግቢው ዙሪያ አስሮጡን። ሌሎቹ እየተሳሳቁ ቶሎ ቶሎ ቆሙ። እኔ ግን ቁሚ ያለኝ ሰው ስለሌለ አልቆምኩም። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ መምህሩ መንገዴ ላይ ገብተው እጃቸውን ዘረጉ።

"በቃ፣ በቃ። አልደከመሽም?"

"አልደከመኝም፣ መምህር።"

"ነገ ጠዋት አጅባር ነዪ።"

አጅባር ከከተማው ዳር ያለው ሰፊ ሜዳ ነው። በበዓል ፈረስ ይጋለብበታል፤ በአዘቦት ቀን ከብት ይውልበታል። ለአክስቴ ስነግራት መቀሷን አስቀምጣ አየችኝ። ሴት ልጅ ጭኗን አሳይታ በሜዳ ስትሮጥ ማን አያት አለች። ጥቂት ቀን አኮረፈች። ከዚያ ከደንበኛ ልብስ ከተረፈ ሰማያዊ ካኪ ሱሪ ሰፋችልኝ፤ ከጉልበቴ በታች ይወርድ ነበር። ያጠረ እንዲሆን መምህሩ ነግረውኛል ስላት፣ "ከዚህ በላይ መቀስ አላስገባም። ከፈለገ መምህርሽ መጥቶ ይቁረጠው" አለችኝ። እኔም በዚያ ሱሪ ሮጥኩ።

በሁለተኛው ዓመት መምህሩ ሩጫ ብቻውን አይበቃሽም አሉኝ። ዳገት ላይ ትከሻዬ እንደሚወድቅ፣ መጨረሻው ዙር ላይ ወገቤ እንደሚላላ አይተው ነበር። ብረት ማንሳት ያስፈልግሻል አሉ። ብረት ግን የለም። ከአንድ ጋራዥ የተጣለ የመኪና ሻፍት ለምነው አመጡ፤ ሁለት የዘይት ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልተን በሁለቱ ጫፍ ተከልን። ሲደርቅ አንደኛው ከሌላው ከብዶ ተገኘ፤ ስለዚህ ሻፍቱን የተሸከመ ሁሉ ወደ ግራ ያዘነብል ነበር። መምህሩ ዙሪያውን ዞረው ካዩት በኋላ፣ "ይሁን። ቀኝ እጅሽ ይማርበታል" አሉ።

ጥያቄው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከትምህርት በፊት የነበረን ጊዜ ጠባብ ነው። ሩጫውንም ብረቱንም በአንድ ጠዋት መሥራት አለብን። የትኛው ይቅደም? መምህሩ አላወቁም፤ አለማወቃቸውንም አልደበቁም። በዚያ ዘመን አላውቅም የሚል ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ካድሬው ሁሉን ያውቃል፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሁሉን ያውቃል፣ ሬዲዮው ሁሉን ያውቃል። እሳቸው ግን ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ "እኛን ስለዚህ አላስተማሩንም። እንሞክረው" አሉ።

ሞከርነው። ለጥቂት ሳምንታት ብረቱን አስቀደምን። ሻፍቱን በትከሻዬ ተሸክሜ ቁጭ ብድግ እሠራለሁ፤ ከዚያ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ እሮጣለሁ። ገና ከመነሻው ጭኖቼ የሌላ ሰው ይሆኑብኛል። እግሬን የማሳርፍበትን ቦታ እኔ አልመርጠውም፤ እንደወደቀ ይወድቃል። ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ድንጋይ በረገጥኩ ቁጥር ቁርጭምጭሚቴ ይታጠፋል። ከዚያ ገለበጥነው። ሩጫው ሲቀድም ትንፋሼም እርምጃዬም ይታዘዙልኛል። በኋላ ብረቱ ይከብደኛል፤ ከለመድኩት ያነሰ አነሳለሁ፤ እሱን ጨርሼ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ግን በእግሬ እንደፈለግሁ እሄዳለሁ።

"እህ?" አሉኝ መምህሩ። "የትኛው ተሻለሽ?"

"ሩጫው ሲቀድም።"

"ለምን?"

"ብረቱን እየተንገዳገድኩም ቢሆን አነሳዋለሁ። እየተንገዳገድኩ መሮጥ ግን አልችልም።"

ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው ብል ብዙ አልዋሽም። "እንግዲያው ተገኘ። ውድድርሽ ሩጫ ነው። ትኩሱን ጉልበት ለሩጫው ስጪ፣ የተረፈውን ለብረቱ" አሉኝ። ከእኛ ጋር አሎሎ የሚወረውር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ነበር። ለእሱ ነገሩን ገልብጠው ሰጡት፤ ብረቱን በትኩስ ጉልበትህ አንሳ፣ ሩጫው ለአንተ ማፍታቻ ነው አሉት። እሱ ሲያነሳ እኔ እሮጣለሁ፣ እኔ ሳነሳ እሱ ይሮጣል። አንድ ሻፍት ለሁለታችን በቃን።

ከእኔ ጋር የምትሮጥ አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። በክፍል አንድ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። የከተማ ልጅ ናት፤ ሳቂታ ናት፤ ወንድሟ በአውራጃው የታወቀ ካድሬ ነበር፤ እሷ ግን ስለ እሱ ብዙም አታወራም። የእኔ ጫማ ተረከዙ ሲቀደድ ሁለተኛውን ሸራ ጫማዋን ሰጠችኝ፤ መልሺልኝም አላለችኝ። በሩጫ እቀድማታለሁ። ብዙ አይደለም፤ ግን ሁልጊዜ እቀድማታለሁ። አትከፋም ነበር። ስትደርስ ጉልበቷን ይዛ እየሳቀች፣ "አንቺ እኮ ከኋላሽ አውሬ የሚያባርርሽ ነው የምትመስይው" ትለኝ ነበር።

ያን ዓመት የክፍለ ሀገሩ ውድድር ጎንደር ላይ ሊደረግ ሆነ። እያንዳንዱ አውራጃ ቡድን ይላክ ተባለ፤ ያሸነፉት አዲስ አበባ ይሄዳሉ ተባለ። የእኛን ቡድን የሚያዘጋጅ ሰው ተመደበልን። በምሥራቅ ግንባር የቆሰለ፣ ወታደር ሲያሠለጥን የኖረ ሰው ነው። ሁላችንም ባሻ እንለው ነበር። ፊት ለፊቱ አንቱ እለው ነበር። አሁን ግን አንቱታውን ለመምህሬ አስቀርቼዋለሁ።

አጅባር የመጣ ቀን ክንዱን አጣጥፎ ቆሞ አየን። እኔና ጓደኛዬ ሮጠን ስንመለስና ወደ ብረቱ ስንሄድ ፊሽካውን ነፋ።

"ጥሩ ነው" አለ። "ግን የተገለበጠ ነው።"

መምህሩ ቀረብ አሉ። "ምኑ ጓድ ባሻ?"

"ቅደም ተከተሉ። እኛ ግንባር ላይ መጀመሪያ እንሸከማለን፣ ከዚያ እንሮጣለን። ጠላት እግራችሁ እስኪያርፍ ልጠብቃችሁ አይልም። ደክሟቸው መሮጥ ከለመዱ ሳይደክማቸው ይበራሉ።"

"እነዚህ ልጆች ጦር ሜዳ አይሄዱም" አሉ መምህሩ፤ ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ዝቅ ያለ ነው። "የደከመ እግር አረጋገጡ ይበላሻል። የሚጎዱትም ያኔ ነው። ሞክረን አይተነዋል።"

"በማን ላይ?"

መምህሩ ወደ እኔ አመለከቱ። ባሻ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ አዋቂ በልጅ የሚስቀው ዓይነት ነው።

"በአንዲት ልጅ! እኔ በሺህ ሰው ላይ ሞክሬዋለሁ።"

"ከሺሁ ስንቱ ደህና ነው?" አሉ መምህሩ።

የጠየቁት ስለ እግር ነበር። አጠገባቸው ስለነበርኩ አውቃለሁ፤ ፊታቸው ላይ ሌላ ነገር አልነበረም። ስለ ጉልበት፣ ስለ ቁርጭምጭሚት ነው የጠየቁት። ነገር ግን ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ከግንባር ስላልተመለሱት የጠየቁ መሰለ። የባሻ ፊት ጠቆረ። አሎሎ ወርዋሪው ልጅ ሻፍቱን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። መምህሩም ምን እንዳሉ ያን ጊዜ ገባቸው መሰለኝ። ባሻ ፊቱን አዞረ። የቆሰለውን እግሩን በጥቂቱ እየጎተተ ሄደ።

ወሩ ሳያልቅ መምህሩ ወደ ቆላ፣ ወደ መተማ በኩል ተዛወሩ ተባለ። ባሻ አድርጎት ይሁን ሌላ ሰው ሰምቶ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። አውቶቡስ ተራ ሄጄ ተሰናበትኳቸው። አንድ ሻንጣና አንድ የጋዝ ምድጃ ይዘው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው አድርገው ቆመዋል። ቆላ ስለሚሄዱ ኮፍያው ከእንግዲህ አያስፈልገኝም ብለው ለመቀለድ ሞከሩ። ከዚያ ቀረብ ብለው፣ "ባሻ ብረቱን አስቀድሚ ካለሽ ታስቀድሚያለሽ፤ ምርጫ የለሽም። ግን አቅልለሽ አንሺ። ለሩጫው አስተርፊ" አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። ብረቱ ግን ሲሚንቶ ነው። እንዴት ተደርጎ ይቀልላል?

ባሻ ቡድኑን ሙሉ በሙሉ ከያዘ በኋላ የሁላችንም ጠዋት አንድ ዓይነት ሆነ። ለአሎሎ ወርዋሪውም፣ ለሯጩም፣ ለዘላዩም መጀመሪያ ብረት ነው። ቁጭ ብድጉን ራሱ ይቆጥርልናል። ሲቆጥር ድምፁ ያምራል፤ ሰውን ያነሳሳል። ከእኛ ጋር አብሮ ይሠራል፤ ብርድ የያዘው ልጅ ካየ ካፖርቱን አውልቆ ያለብሰዋል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

የአክስቴን ምክር አልረሳሁትም። ነገር ግን ጭኔን ከጀርባው በኩል ይወጥረኝ ጀመር። ቁጭ ስል፣ ደረጃ ስወጣ፣ ከአልጋ ስነሳ ይይዘኛል። ጥቂት ቀን ዝም አልኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሁላችንም ተሰልፈን ሳለ እጄን አነሳሁ።

"ባሻ፣ ከፈቀዱልኝ ሩጫውን ላስቀድም? ጭኔን እየያዘኝ ነው።"

"ማነው ይህን ያስተማረሽ?"

ዝም አልኩ።

"ያ የሄደው ሰውዬ ነው?"

ባሻ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር አየ። "እዚህ እያንዳንዱ የፈለገውን የሚያስቀድም ከሆነ ቡድን የለም። ለሁላችሁም አንድ ሕግ ነው። አንቺ ዛሬ ለጥያቄሽ ተጨማሪ ትሠሪያለሽ" አለ። ተጨማሪውን ሠራሁ። ሌሎቹ ቆመው ጠበቁኝ። ጓደኛዬ አጠገቤ ነበረች፤ የጫማዋን ክር ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች።

ቤት ስገባ ለአክስቴ አልነገርኳትም። ሰው ግን ነግሯት ኖሮ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም፣ "እጅሽን አነሳሽ አሉ" አለችኝ። አዎ አልኳት። መርፌው እስከ ጨርቁ ጫፍ ሄዶ ቆመ። አላየችኝም። "ምን አልኩሽ እኔ?" አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ ዘግይታ መምጣት ጀመረች። እኛ ብረት ስናነሳ እሷ በሜዳው ዳር ዳር ስትሮጥ አያታለሁ፤ እኛ ልንሮጥ ስንል እሷ ብረቱ ጋ ትመጣለች። ባሻ ምንም አይላትም። ጠየቅኋት።

"ትንሽ አሞኛል፤ ፈቅዶልኝ ነው" አለችኝ።

አመንኳት። ምን እንዳመማት እንኳ አልጠየቅኋትም፤ የሴት ነገር ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ውድድሩ ሲቃረብ ባሻ ከጋፋት በላይ ያለውን ዳገት ጨመረልን። የዚያን ዕለት ብረቱን ከወትሮው አብዝተን አነሳን። ዳገቱን ወጣሁት። ቁልቁለቱ ላይ ግራ እግሬን አሳርፌ ቀኙን ስወረውር ከጭኔ ጀርባ አንድ ነገር ጣ ሲል ተሰማኝ። ድምፁ ከውጭ የመጣ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ከዚያ እግሬ ከዳኝና በግንባሬ ተደፋሁ። አሎሎ ወርዋሪው ልጅ ደግፎ አወረደኝ።

አክስቴ ወጌሻ ጠራች። ሰውዬው ቅቤ ቀብተው አሹት፣ ጠቅልለው አሰሩትና፣ "ይህ አጥንት አይደለም፣ ጅማት ነው። ልጄ፣ እስከ ፋሲካ እንዳትሮጪ" አሉኝ። ፋሲካ ሩቅ ነበር፤ ውድድሩ ደርሷል። ባሻ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ጥግ ላይ ባለው በርጩማ ተቀምጦ አክስቴን በትሕትና አናገራት። እግሬን አየ። እሱም ስለ ቁስል ያውቃል።

"ሕመሙ እንዴት ነው?"

"ስረግጥበት ይወጋኛል።"

"ስምሽ ጎንደር ደርሷል" አለ። "ከዚህ አውራጃ ተስፋ የተጣለብሽ አንቺ ነሽ። ጠበቅ አድርገን እናስረዋለን። ውድድር ላይ ሕመም ይረሳል፤ እኔ አውቀዋለሁ።"

አክስቴ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። አንድ ቃል ብትናገር ብዬ አየኋት። ዓይኗን ወደ ስፌት መኪናው መለሰች። አልፈርድባትም፤ ያን ጊዜ ግን ፈርጄባት ነበር።

ጎንደር ሄድን። በወረታ፣ በአዲስ ዘመን አድርገን ቀኑን ሙሉ በመኪና ስንንገጫገጭ እግሬ ደንዝዞ ደረስኩ። በማግስቱ የሴቶች አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ተጠራ። ባሻ ጭኔን በፋሻ ራሱ አሰረው። መጀመሪያው ዙር ላይ እውነትም ሕመሙ ጠፋ። ሰው ይጮሃል፤ ከፊቴ ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው፤ ትንፋሼ ሙሉ ነው። ጓደኛዬ ከኋላዬ ናት፤ እርምጃዋን በድምፁ አውቀዋለሁ። ለአንድ አፍታ መምህሩ ያሉትም፣ ባሻ ያለውም፣ ወጌሻው ያሉትም ሁሉ ተረሳኝ። ከዚያ መታጠፊያው ላይ ለማለፍ ሳፈጥን ያ ጅማት እንደገና ጣ አለ፤ አሁን ግን ሙሉ በሙሉ ነበር የተበጠሰው። ከመሮጫው መም ወጥቼ ሣሩ ላይ ወደቅሁ። ጓደኛዬ በአጠገቤ አለፈች። አላየችኝም፤ ሯጭ ወደ ጎን አያይም።

ባሻ ሮጦ መጥቶ በጀርባው አዘለኝ። ከሜዳው እስከ መኪናው ድረስ እያነከሰ ተሸከመኝ፤ በትከሻው ላይ ሆኜ ሲያለቅስ ሰማሁት።

"አይዞሽ ልጄ" ይለኛል። "ወታደር ይቆስላል። ወታደር ይቆስላል።"

"እኔ ወታደር አይደለሁም" አልኩት።

ለእሱ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። መራመዱን ቀጠለ።

ጓደኛዬ ሁለተኛ ወጣች። ለአዲስ አበባ ተመረጠች፤ በዚያው አንድ ክለብ ወሰዳት። ልትሰናበተኝ ስትመጣ አክስቴ ቡና እንኳ አላፈላችላትም። ጓደኛዬ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ እጄን ይዛ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ያን ጊዜ ቅያሜ አልነበረኝም። የምቀየምበትን አላውቅም ነበር።

እግሬ እስከ ፋሲካም፣ ከፋሲካ በኋላም አልዳነም። ጅማቱ አጥሮና ደድሮ ገጠመ። በኋላ ያየኝ ሐኪም መጀመሪያ ሲጎዳ አርፈሽ ቢሆን ኖሮ አለኝ፤ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ሐሙሲት ተመደብኩ። ትንሽ ልጆች ፊደል አስተምራለሁ። ቆሜ ስለምውል ማታ ማታ እግሬ ያብጣል። ስለ መምህሬ የሰማሁት ነገር የለም። ባሻ ወደ ሰሜን ግንባር እንደዘመተ አወሩልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ እሱ ያለኝ የለም።

በበጋ፣ ትምህርት ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ ለቀናት ወንዛዬ እወርዳለሁ፤ ፍል ውሃው ያፍታታልኛል። አንድ ዓመት ከውሃው ወጥቼ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ስሞቅ ከኋላዬ ስሜን የሚጠራ ሰማሁ። ዞር ስል ጓደኛዬ ናት። ሪህ የያዛቸውን እናቷን ልታጠምቅ አምጥታ ነው። ወፍራ አይደለም፣ ሞልታ ነው። ነጭ የስፖርት ጫማ አድርጋለች። ተቃቀፍን፤ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ አዲስ አበባ ነገረችኝ፤ ስለ ክለቡ፣ አውሮፕላን ተሳፍራ ስለሄደችባቸው አገሮች፣ ስለ እጮኛዋ። ከዚያ እግሬን አየች።

"አሁንም ያምሻል?"

"ያው ነው።"

"አዲስ አበባ እኮ መጀመሪያ የነገሩን ይህን ነው" አለች። "ሯጭ ከሆንሽ ሩጫው ይቅደም፣ ብረቱ ከኋላ። የውጭ አሠልጣኝ መጥቶ ነው ያስተማረን። ያ መምህራችን ልክ ነበሩ።"

"ልክ ነበሩ።"

"ባሻም ግን ክፉ ሰው አልነበረም። ሲያስረዱት ይገባዋል። እኔ ጭኔን ወጠር ሲያደርገኝ ጠየቅሁት፤ ሩጫውን ላስቀድም አልኩት። እሺ አለኝ፣ አለቀ። አንቺ ግን የታዘዝሽውን ዝም ብለሽ ታደርጊ ነበር። ለምን አልጠየቅሽውም?"

እየቀለደች እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን አየሁት። አልነበረም። ከልቧ አዝናልኝ ነው የምትጠይቀኝ።

"ጠይቄዋለሁ" አልኳት።

"መቼ?"

"አጅባር ላይ፣ ሁላችን ተሰልፈን። አጠገቤ ነበርሽ።"

ግንባሯን ቋጥራ አሰበች። "አላስታውስም" አለች፤ ውሸት አልነበረም። "በሰው ፊት ስለሆነ ይሆናላ። እኔ የጠየቅሁት ቤት ነው። ወንድሜ ምሳ ጋብዞት ነበር፤ እጅ እያስታጠብኩት ነው የነገርኩት። ወንድሜም፣ ልጅቷ እንደፈለገች ትሁን አለው፤ ተሳሳቁ።"

ይህን ስትናገር ምን እንደተናገረች አልተሰማትም። ፀጉሯን በፎጣ እያደረቀች ነው። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ያላገኘሁትን የምቀየምበትን ነገር አገኘሁት፤ ሳገኘው ደግሞ ለእሷ የምሰጠው ሆኖ አልመጣልኝም። ምን ልበላት? ወንድምሽ ባይኖር ልበላት? ታውቀዋለች እኮ። ታውቀዋለች፤ ግን አይታው አታውቅም። የወንድሟ ሥልጣን ሁልጊዜ ከኋላዋ ስለነበረ ዞራ አላየችውም።

"ምነው ዝም አልሽ?" አለችኝ።

"ፀሐዩ ነው" አልኳት።

እናቷ ከውሃው ወጥተው ተጣሩ። ሊሄዱ ነው፤ ወንድሟ የመሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ከነሹፌሩ ልኮላቸዋል። እስከ ሐሙሲት እናድርስሽ አለችኝ። በእግሬ እሄዳለሁ ማለት ፈልጌ ነበር፤ መንገዱ ግን ዳገት ነው። ተሳፈርኩ። እናቷ ከፊት ተቀምጠው ስለ ልጃቸው ያወሩልኛል፤ ከሕፃንነቷ ብርቱ እንደነበረች፣ ማንም ሳይረዳት በራሷ ጥረት እዚህ እንደደረሰች። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ኋላ አዙረው አዩኝ።

"አንቺም ትሮጪ ነበር እንዴ፣ ልጄ?"

"ጥቂት፣ እማማ።"

"እሰይ። ለጤና ጥሩ ነው" አሉ።

ሐሙሲት ስንደርስ ገበያው ሞልቶ መንገዱን ዘግቶታል። ወረድኩ። ተጣጥፎ የቆየው እግሬ አልዘረጋ አለኝ፤ እስኪፍታታ የመኪናውን በር ይዤ ቆምኩ። ሹፌሩ ሕዝቡን ለማስለቀቅ ይሁን እኔን ለማስቸኮል አላወቅሁም፣ ጡሩምባውን ነፋ።

"ቀስ በይ" አለችኝ ጓደኛዬ በመስኮት።

"ቀስ እያልኩ ነው" አልኳትና በሩን ለቀቅሁላቸው።